አልቦው 212 ግራም ነበር

ወርቅ ሠሪው አልቦውን፣ የብር የእግር ጌጡን፣ ሚዛን ላይ ሲያስቀምጠው ቁጥሩ 212 ላይ ቆመ። «ሐብል፣ ጉትቻና ቀለበት ይወጣዋል» አለኝ። ደስ አለኝ። ሰርጌ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ስልኬ ላይ ያስቀመጥኩት የጌጥ «ፉል ሴት» ፎቶ ነበር፤ አሳየሁት። «ይቻላል» አለ። ተስማማን።

አልቦው የአያቴ ነው። አያቴ የምንጃር ሰው ናት። አዳማ የመጣችው ተድራ ነው፤ አልቦውን እግሯ ላይ አድርጋ። ስትሞት ከሳጥኗ ውስጥ በነጠላ ቁራጭ ተቋጥሮ ወጣ። ከእሱ ጋር ሌላም ነገር ነበር፤ እመጣበታለሁ።

ይህን የምጽፈው የቤተሰብ ጌጥ ሳጥን ውስጥ ላላችሁ ነው። ለማስቀለጥ፣ ለማጽዳት፣ ለመሸጥ ወይም አውጥታችሁ ለማድረግ የምታስቡ ካላችሁ እኔ ከአራቱ ሦስቱን ተሳስቻለሁና ስሙኝ።

በማቅለጡ ልጀምር። ብሩ ሲቀልጥ አጠገቡ አልነበርኩም። «ነገ ነይ» አለኝ፣ ነገ ሳምንት ሆነ። ስረከብ አልመዘንኩም፤ የሚያብለጨልጭ ነገር ሲሰጡህ መመዘን የሚያስታውሰው ማን ነው? ከሰርጉ በኋላ ቤት ውስጥ በኩሽና ሚዛን ስመዝነው 141 ግራም ሆነ። «ሲቀልጥ ይጎድላል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ይጎድላል። ቆሻሻ ይኖረዋል፣ የድሮ ብየዳ ይኖረዋል፣ ሲሞረድ የሚረግፍ አለ። ግን ሲሶው አይጎድልም። ደረሰኝ የለኝ፣ እማኝ የለኝ፣ ሄጄ ምን እላለሁ?

በዚያ ላይ ጉትቻው ሦስት ወር ሳይሞላ ጆሮዬን ማሳከክ ጀመረ። በኋላ እንደገባኝ ጉትቻው ከአልቦው ብር የተሠራ አልነበረም። «ጀርመን ሲልቨር» የሚሉት ነገር አለ። መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው፤ ስሙ እንጂ ውስጡ ቅንጣት ብር የለበትም። ኒኬሉ ብዙ ሰው ያሳክካል። የብር ጉትቻ ብላችሁ ገዝታችሁ ጆሯችሁ ከቀላ በመጀመሪያ የምትጠረጥሩት እሱን ይሁን።

ግን ይህ ሁሉ የገንዘብ ነገር ነው። የባሰው የመልሱ ቀን የሆነው ነው። አክስቴ አየችኝና «አልቦው የታል?» አለች። «ይኸው፣ እሱን አስቀልጬ ነው ይህን ያሠራሁት» አልኳት። ሐብሉን ከፍ አድርጌ እያሳየኋት ነበር፣ እንድታደንቅልኝ። ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «እማዬ ከጓሮ ስትመጣ እንሰማት ነበር» አለች። ከዚያ ስለ ወጡ ማውራት ጀመረች።

ለካ አልቦው ይሰማ ነበር። በክር የተሰካኩት ትንንሽ ብሮች ሲነካኩ ድምፅ አላቸው። እኔ ግራሙን እንጂ ድምፁን አላውቅም። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚሉት እኔን አይተው መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ነው የቀረውን ቋጠሮ በደንብ የፈታሁት። አምስት ጠገራ ብር የተንጠለጠለበት የአንገት ድሪ አለ። በጥቁር ማተብ የታሰረ መስቀል አለ። አንዲት የጆሮ ኩክ ማውጫ አለች፣ በቀጭን ሰንሰለት የምትንጠለጠል። እና አንድ ዙር ጨሌ። ጨሌው የምንጃር አይመስልም። አክስቴን ስጠይቃት፣ «የአኮ ነው» አለችኝ። አኮ ማለት በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ሰፈር ውስጥ ሁሉም ሰው የሚጠራቸው እንደዚያ ነው። የአርሲ ሰው ናቸው፤ ከአያቴ ጋር አጥር ተጋርተው ኖረዋል። እናቴ ስትወለድ ለአያቴ የሰጧት ነው አሉ።

መጀመሪያ የሠራሁት ሥራ ማጽዳት ነው። ሁለተኛው ስህተት ይኸው። ድሪው ጠቁሮ ነበር። በጥርስ ሳሙና ፈተግኩት። መስቀሉን ደግሞ ዩቲዩብ ላይ እንዳየሁት አደረግኩ፦ ሰሃን ላይ የአሉሚኒየም ወረቀት፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ የፈላ ውኃ። ይሠራል፤ ብሩ ላይ የተቀመጠውን ጥቁር የድኝ ዝገት ያነሳዋል። ችግሩ የትኛው ጥቁር ቆሻሻ እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ ሥራውን የሚያሳየው ጥላ እንደሆነ አለማወቁ ነው። የመስቀሉ የሐረግ ቅርጽ በጥቁር መስመሩ ነበር የሚነበበው። ከሰሃኑ ሲወጣ ልሙጥ ነጭ ሆነ። በክር የተሰካ ነገርማ እዚያ ውኃ ውስጥ ጭራሽ አይገባም፤ ክሩ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል። ለብ ያለ ውኃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ። ከዚህ በላይ አትሂዱ።

አክስቴ መስቀሉን ስታየው ራሷን ይዛ፣ «አሁንስ ሰው ጋ ልውሰድሽ» አለች። በባጃጅ ከፖስታ ቤት አልፈን፣ ከአንድ ገበያ ጀርባ ወደሚገኝ የቀበሌ ቤት ወሰደችኝ። አንድ ክፍል ነው። ሽማግሌው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሽቦ ይስባሉ። የብር ዘንጉን ከትልቁ ቀዳዳ ወደ ትንሹ ቀዳዳ እያሳለፉ እስከ ክር ድረስ ያቀጥኑታል። «አባባ» እላቸዋለሁ። ስማቸውን እዚህ ባልጽፈው ደስ ይላቸዋል።

ድሪውን ዘረጋሁላቸው። ጠገራው ላይ ያለችውን ወፈር ያለች ሴት በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «ይህቺን ሴትዮ ታውቂያታለሽ?» አሉኝ።

ማሪያ ቴሬዛ ናት። የኦስትሪያ ገዢ ነበረች፤ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ሳንቲሟ ግን ከሞተች በኋላም በዚያው ዓመት ቁጥር መታተሙን ቀጠለ። ቪየና ታትሟል፣ ለንደን ታትሟል፣ ፓሪስና ቦምቤይ ታትሟል። ጣሊያን ሊወረን ሲሰናዳ በ1935 እ.ኤ.አ. የማተም መብቱን ከኦስትሪያ ተቀብሎ ሮም ውስጥ አሳትሟል። ስለዚህ አንድ ሰው «1780 ተጽፎበታልና 240 ዓመት አልፎታል» ብሎ ዋጋ ቢጠራባችሁ ሳቁ። ትናንት የታተመውም 1780 ነው የሚለው።

አባባ ግን ጠገራውን አልናቁትም። ሕጋዊ ክብደቱ 28 ግራም ከትንሽ ነው፤ ከ1,000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። አገሩ ሁሉ ሲያምነው የኖረው በዚህ ነው። ምኒልክ ከ1894 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በራሳቸው መልክ ፓሪስ ውስጥ ብር ቢያሳትሙም ጠገራውን ከገበያ ማስወጣት አልቻሉም። ከገበያ መውጣት የጀመረው በ1945 እ.ኤ.አ. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲመጣ ነው። እስከዚያ ድረስ ሴትየዋ ኪስ ውስጥ ገንዘብ፣ አንጥረኛው እጅ ደግሞ ጥሬ ዕቃ ነበረች። እየቀለጠች መስቀል ሆነች፣ አምባር ሆነች፣ የጸጉር ጌጥ ሆነች። ገንዘባችንን ዛሬም «ብር» ነው የምንለው፤ የማዕድኑ ስም ነው። ወረቀቱን እየቆጠርን ብር እንላለን። ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

አባባ ለመለየት ያስተማሩኝ ዘዴ ሁለት ነው። አንደኛው የጠገራውን ጠርዝ ማየት ነው። ዙሪያውን በላቲን የተቀረጸ ጽሑፍ አለው፤ ትርጉሙ «ፍትሕና ምሕረት» ነው። በሻካራ ቅጂ ላይ ይህ ጠርዝ ደብዛዛ ነው ወይም ጭራሽ የለም። ሁለተኛው ክብደቱ ለመጠኑ ይስማማ እንደሆነ ማየት ነው። እሱን እሳቸው በእጃቸው ያደርጉታል፤ አንስተው መዘን አድርገው ይነግሩሃል። እኔ እጃቸው ስለሌለኝ እቤት በኩሽና ሚዛንና በውኃ እሠራዋለሁ። እንዲህ ነው፦

ዕቃውን በደረቁ ትመዝናላችሁ። ከዚያ ውኃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጣችሁ ዜሮ ታደርጉታላችሁ። ዕቃውን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ውኃው ውስጥ ታስገባላችሁ፤ ግን የብርጭቆውን ታችም ጎንም እንዳይነካ። ሚዛኑ ትንሽ ቁጥር ያሳያል። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ታካፍላላችሁ። ከጠገራዎቹ አንዱን ከድሪው ፈትቼ ስመዝነው 27.6 ግራም ነበር፤ ውኃው ውስጥ 2.7 አለ። ሲካፈል 10.2። ንጹሕ ብር 10.5 አካባቢ ነው፤ መዳብ ሲገባበት ትንሽ ይወርዳል። ስለዚህ ጠገራው ጤነኛ ነው። ከአንድ ሱቅ «ብር ነው» ተብዬ የገዛሁት መስቀል ደግሞ 19 ግራም ነበር፣ ውኃው ውስጥ 2.2 አለ። 8.6። ይህ የነሐስና የጀርመን ሲልቨር ሰፈር ነው። ውስጡ ክፍት የሆነ ጌጥ ላይ ዘዴው ያሳስታል፤ አየር ይይዛል። የነጥብ ቁጥር የሚያሳይ ሚዛንም ያስፈልጋል። ማግኔት የሚባለውን አትመኑት፤ ነሐስም ማግኔት አይስበውም።

አንድ ቀን አባባን ሙያውን ከማን እንደተማሩ ጠየቅኳቸው። ከአባታቸው። ልጆቻቸውስ? ፈገግ አሉ። «ትምህርት ቤት ሳለሁ ምሳ አብሮኝ የሚበላ አልነበረም» አሉኝ። «ዓይኑ ይበላናል ይሉ ነበር።» ጠይብ፣ ቀጥቃጭ፣ ቡዳ። እነዚህ ቃላት በኛ ቤትም ነበሩ፣ ምን ልዋሽ። መስቀሉን አንገታችን ላይ እያሰርን የሠሪውን ልጅ ለልጃችን አናጭም ነበር። በኦሮሞው በኩልም ቱምቱ የሚባለው ብረት ሠሪ ዕጣው የተለየ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ደግሞ «ባህላዊ ጌጣችን ጠፋ፣ ቻይና በላው» ብለን እናለቅሳለን። ቻይና ከመምጣቱ በፊት ሠሪው ልጆቹን «ሌላ ሥራ ፈልጉ» ብሏቸው ጨርሷል። ይህን ስጽፍ ትንሽ እናደዳለሁ፤ ይለፈኝ።

ወደ ጨሌው ልመለስ። አኮ አሁን ሰማንያውን አልፈዋል። ጨሌውን ይዤ ሄድኩ። ጭናቸው ላይ ዘርግተው ቶሎ አወቁት። አንድ ትልቅ ቢጫ ፍሬ ክሩ ተበጥሶ ወልቃ ነበር። ያኔ ስለ ጌጥ ብዙ አንብቤ ነበርና ሊቅ ነኝ ብያለሁ። እውነተኛው ቢጫ የዛፍ ሙጫ ድንጋይ ከባልቲክ ባሕር አካባቢ ሲነገድ የኖረ ነው። ጨው በደንብ በሟሟበት ውኃ ውስጥ ይንሳፈፋል። ቤክላይት የሚባለው የድሮ ፕላስቲክ ግን ይሰምጣል። ብርጭቆ ውስጥ ጨው አሟሙቼ ፍሬዋን ጣልኳት። ጭልጥ ብላ ሰመጠች።

«አኮ፣ ይቺ ፕላስቲክ ናት» አልኳቸው፤ መርዶ እንደሚነግር ሰው።

አኮ ሳቁብኝ። «እንቁላል መሰለሽ እንዴ ውኃ ውስጥ የምትከቺው?» አሉ።

የቀሩትን ትንንሾቹን ፍሬዎችም ከየት እንደሚመጡ ነገርኳቸው። ዛሬ ጥንታዊ የምንላቸው የመስታወት ጨሌዎች ብዙዎቹ ከቬኒስና ዛሬ ቼክ ከሚባለው ከቦሄሚያ በመርከብ የመጡ ናቸው። ዛጎሉ ከሕንድ ውቅያኖስ ነው። አኮ ምንም አልደነቃቸውም። ከገበያ እንደሚገዛ እሳቸው መች ጠፋቸው? የደነቀኝ እኔን ነው። ሉላዊነት የሚሉት ነገር ከስልክ ጋር የመጣ ይመስለኝ ነበር። የአያቴ ቋጠሮ ውስጥ ኦስትሪያ አለ፣ ቬኒስ አለ፣ ሕንድ ውቅያኖስ አለ። «ታዲያ የኛ የቱ ነው?» ብዬ ተጨነቅሁ።

መልሱን ያገኘሁት በክር ነው። አኮ የተበጠሰውን ሊያስተካክሉ ተቀመጡ። እኔ ላግዝ ብዬ ከገበያ አንድ ዙር ጨሌ ገዝቼ መጥቼ ነበር፤ ያው ጥቁር፣ ቀይ፣ ነጭ። ፕላስቲክ ነው፣ በማሽን የተሰካ። አኮ አገላብጠው አዩትና፣ «ይቺ ደግሞ የት ሄዳ ነው የተወለደችው?» አሉ። ከዚያ ፈቱት። ፍሬዎቹን አልጣሉም። እነዚያኑ የፕላስቲክ ፍሬዎች በራሳቸው ተራ መልሰው ሰኩ፤ ስንት ቀይ፣ የት ላይ ነጭ፣ የት ላይ ዛጎል። እጃቸው አይቆጥርም፣ ያውቃል። ሲጨርሱ ጨሌው ሌላ ሆነ። እናታቸውም እንዲህ ነበር የምትሰካው። ከየት አካባቢ እንደሆንሽ ከሩቅ ይታወቃል አሉኝ። ተራውን በስልኬ ቀረጽኩት፣ ሁለቱንም እጅ። ሽማግሌ ያላችሁ ይህን ዛሬውኑ አድርጉት። የጌጡ ፎቶ ብዙ አለ፤ የሚጠፋው እጁ ነው።

ከዚያ ወዲያ ነው ሥራ ያደረግኩት። ቀን አስተምራለሁ፤ ማታና ቅዳሜ የአባባንና የሌሎች ሁለት ሠሪዎችን ሥራ በቴሌግራም እሸጣለሁ። ኢሬቻ ሲደርስ ሥራ ይበዛል። ከመስቀል በኋላ አዳማ ግማሹ ሰው ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ሆራ አርሰዲ ነው የሚሄደው። ልጃገረዶቹ በግንባራቸው የሚያስሩት ጨሌ ቀድሞ ያልቃል።

የመጀመሪያው ዓመት አባባ አንድ ጉትቻ ሠሩልኝ። ክብ ነው፤ ጠርዙ ላይ ጠብታ የሚመስሉ የብር ፍሬዎች ተደርድረዋል። ለፎቶ ስናወጣው የግራው ጉትቻ ላይ አንዷ ፍሬ ረግፋ ነበር። መብራቱ እንዳይሄድብኝ ቸኩዬ እንዳለ አንስቼ ለጠፍኩት። ሁለት ወር ሳይሞላ ያው ጉትቻ በወርቅ ቀለም ተለቅልቆ ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ አየሁ። ዋጋው የኛን ሩብ አይሞላም። አንዱን አንስቼ ቆጠርኩ። የግራው አንድ ፍሬ ይጎድለዋል። ሁሉም ይጎድላቸዋል! ፋብሪካው የረገፈችውን ፍሬ ሳይቀር በታማኝነት ገልብጧል። አባባ ሲሰሙ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ስለዚህ ለሠሪዎችና ለነጋዴዎች፦ የራሳችሁ አዲስ ቅርጽ ከሆነ በኢንዱስትሪያዊ ንድፍነት ማስመዝገብ ይቻላል። ሕጉ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው፤ ቢሮው የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን። ጥበቃው መጀመሪያ ለ5 ዓመት ነው፣ ይታደሳል። ቁልፉ «አዲስ» የሚለው ቃል ነው፤ ስለዚህ ፎቶ ከመልቀቃችሁ በፊት ብታስቡበት ይሻላል። አያቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩትን ቅርጽ ግን ማንም «የኔ ነው» ብሎ ሊያስመዘግብ አይገባውም፤ አዲስ አይደለምና። ይህ ያጽናናል፣ ያበሳጫልም፤ ማንም ሊወስደው አይችልም፣ ማንም ሊገለብጠው ግን ይችላል።

ሦስተኛው ስህተቴ ከሁሉም ያሳፍረኛል። አንዲት ደንበኛ ፎቶ ልካ «እንዲህ ያለ ለቦርሳ ማንጠልጠያ ሥሪልኝ» አለችኝ። ጨሌና ዛጎል ነው፤ ያምራል። ሠራሁት። አኮ ጠረጴዛዬ ላይ አዩት። «ይህ የቦርሳ ነው?» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም፤ ሻይውንም ሳይጠጡ ሄዱ። ያ ነገር ጫጩ ነበር። የኦሮሞ ሴቶች ለምርቃትና ለጸሎት የሚይዙት እንጂ ጌጥ አይደለም። ወንዶች በግንባራቸው የሚያስሩት ከለቻም እንደዚያው ነው፤ በሥርዓቱ ውስጥ ቦታ ያለው ሰው ነው የሚያስረው። የገዳ ሥርዓት በ2016 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ሲመዘግበው አጨብጭቤ ነበር፤ ቦርሳ ላይ ስሰቅለው ግን አላወቅኩትም። የቄስ የእጅ መስቀል የቁልፍ መያዣ ሆኖ ባየው ምን ይሰማኝ እንደነበር አሰብኩ። ፈታሁት፣ የሴትየዋን ገንዘብ መለስኩ፣ አኮ ዘንድ ቡና ይዤ ሄድኩ። አሁን የማላውቀውን ቅርጽ ከመሥራቴ በፊት «ይህን ማን ያደርገዋል? መቼ?» ብዬ እጠይቃለሁ። የሚጠየቅ ሰው ካጣሁ አልሠራውም።

ከውጭ የምትመጣ የአጎቴ ልጅ አለች። «ለጓደኞቼ ኢትዮጵያዊ የሆነ ነገር ስጪኝ» ትለኛለች። ሁሌ የላሊበላ መስቀል አወጣላታለሁ። አንድ ጊዜ አብራት የመጣችው ጓደኛዋ የሐረር ልጅ ነች፤ ሙስሊም ናት። መስቀሉን አይታ በጨዋነት «ያምራል» አለች። አንገቷ ላይ የእናቷ የብር ሐብል አለ፤ ከኔ ጠረጴዛ ሁሉ የሚበልጥ ሥራ። ሐረር በብር ሥራ የታወቀች ከተማ መሆኗን እያወቅኩ አንድም የሐረር ነገር አልነበረኝም። ሆቴሎቹ የሚያሳዩት «የባህል ምሽት» ዓይኔን እንደዚያ አድርጎታል፤ ነጭ ቀሚስ፣ ጥለት፣ መስቀል፣ አለቀ። እንደ አዳማ ያለ ከተማ ውስጥ ተወልጄ ይህን ማሰቤ ራሴን ገረመኝ። ከምንጃር የመጣውና ከአርሲ የመጣው አንድ ቋጠሮ ውስጥ ነበሩኮ።

ይህቺው የአጎቴ ልጅ የአያቴን ድሪ ይዤ ልሂድ ብላም ነበር። ድሮ የተሠራ ነገር ከአገር ለማውጣት የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። ኤርፖርት ላይ ሻንጣ አስከፍቶ ከማስቀረት በፊት አስመርምሮ ወረቀት መያዝ ይሻላል። አዲስ የተሠራ ከሆነም የሠሪውን ደረሰኝ ያዙ። እሷ ቸኩላ ነበርና ድሪው ቀረ። በሆዴ ደስ አለኝ።

አዲስ አበባ ስትሄዱ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ፤ የድሮው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። እዚያ ያሉትን መስቀሎችና ጌጦች ሳይቸኩሉ ማየት፣ የራስን ዕቃ ፎቶ ይዞ ማነጻጸር ይጠቅማል። እኔ የጠፋውን የመስቀሌን ሐረግ አባባ መልሰው እንዲቀርጹት ያደረግኩት እዚያ ተመሳሳዩን አይቼ ነው።

አሁን ቤቴ ያለውን እያንዳንዱን ጌጥ በጥጥ ጨርቅ ለየብቻ ጠቅልዬ አስቀምጣለሁ። ከእያንዳንዱ ጋር አንዲት ወረቀት አለች። የማን እንደነበር፣ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደሚደረግ፣ ስንት ግራም እንደሆነ። የመጨረሻው መስመር «ሠሪ» ይላል። እሱ መስመር በሁሉም ላይ ባዶ ነው። አክስቴ ድሪው በማን ሰርግ ላይ እንደተደረገ ታውቃለች፤ ማን እንደሠራው አታውቅም። ማንም ጠይቆ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ያንን ፉል ሴት ይዤ አባባ ዘንድ ሄድኩ። ጉትቻውን ሳያነሱት ወደ ጎን ገፉት። ሐብሉና ቀለበቱ ግን ብር ናቸው፤ በውኃ ሚዛኑም 10 አካባቢ ነበሩ። 118 ግራም። «ለአንድ እግር ይበቃል» አሉ።

ፎቶ አልነበረንም፤ አንድ የሰርግ ፎቶ ላይ ብቻ የአያቴ እግር በከፊል ይታያል። አክስቴ አብራኝ ተቀምጣ በጣቷ እያሳየች ነገረቻቸው። እንዲህ ይወርዳል፣ እዚህ ጋ ይጠባል፣ እዚህ ጋ ትንንሽ ጠብታዎች አሉት። በዚህኛው ጊዜ አጠገባቸው ነበርኩ። ብሩ ሲቀልጥ ቀይ ኳስ ሆኖ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከመቅለጡ በፊት መዘንን፣ ሥራው ሲያልቅ መዘንን፣ ፍቅፋቂውን በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። አክስቴ አልቦውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ጆሮዋ ጋ አስጠግታ ነቀነቀችው። «አይደለም፤ የእማዬ ወፈር ይላል» አለች። ከዚያ ግን እንደገና ነቀነቀችው።

ስከፍል፣ «አባባ፣ ስምዎን ውስጡ ይጻፉልኝ» አልኳቸው።

«ስሜን እግርሽ ላይ ልታስሪው ነው?» አሉ። ሁለታችንም ሳቅን። እሳቸው ሲስቁ ቆይተው መነጽራቸውን አደረጉ። መቆለፊያውን ከውስጥ በኩል ገልብጠው በጫፈ ሹል ብረት ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረጉት። አስጠግቼ ሳየው ሁለት ነጥብ ነው።

ወረቀቱ ላይ፣ «ሠሪ» ከሚለው ቀጥሎ፣ እንደዚያው ሁለት ነጥብ አድርጌያለሁ።